ሰርቫንቴስ በአልጀርስ፦ ምርኮና ቤዛ

ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ (1547–1616፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.) በኦቶማን ሥር በነበረችው አልጀርስ አምስት ዓመት በምርኮ የኖረ ስፔናዊ ደራሲ ነው። በመስከረም 1575 ከኔፕልስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተሳፈረባት «ሶል» የተባለች መርከብ በካታሎኒያ ጠረፍ አቅራቢያ በባሕር ወንበዴዎች እጅ ወደቀች፤ ወንድሙ ሮድሪጎም አብሮት ተማረከ።

ለመከራው መርዘም ሰበቡ ወረቀት ነው። ከጦር አዛዡ ከኦስትሪያው ዶን ኹዋን የተጻፈለት የድጋፍ ደብዳቤ ስለተገኘበት፣ ጌታው ዳሊ ማሚ ትልቅ ባላባት የያዘ መስሎት ዋጋውን ሰቀለው። በሌፓንቶ ጦርነት (1571) ግራ እጁ የሰለለ ድኻ ወታደር መሆኑን ማን ይመነው!

ቤዛ ያን ጊዜ የለየለት ንግድ ነበር፤ የሥላሴ ማኅበር መነኮሳት ከዘመድና ከምጽዋት ገንዘብ አሰባስበው፣ ባሕር ተሻግረው ይደራደሩ ነበር። የቤተሰቡ ጥሪት ለሁለቱ ስላልበቃ በ1577 ዋጋው ዝቅ ያለው ሮድሪጎ ቀድሞ ተለቀቀ። ሚጌል አራት ጊዜ ለማምለጥ ሞክሮ አራቴም ከሸፈበት። በመስከረም 1580 በኋላ ጌታው የሆነው የአልጀርሱ ገዥ ሐሰን ፓሻ ወደ ቁስጥንጥንያ ሊወስደው በሰንሰለት አስሮ መርከብ ላይ አስጭኖት ሳለ፣ የሥላሴ ማኅበሩ መነኩሴ አባ ኹዋን ጊል የጎደለውን ከነጋዴዎች ሞልተው በ500 የወርቅ ኤስኩዶ ዋጁት። በ1605 በታተመው የልቦለዱ የ«ዶን ኪሆቴ» የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ያለው የምርኮኛው ታሪክ ከዚሁ ሕይወት የተቀዳ ነው።