እጣቢ ውኃ፦ ባለቤት ያጣ ሀብት



በዓላችንን ስናከብር ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ እንደሚነገር ይታወቃል። እኔ ግን በሪፖርት ቅጽ ላይ ቦታ ስለሌለው ስለ እጣቢ ውኃ ጥቂት ለማለት እወዳለሁ።

እጣቢ ዱሮም ዝም ብሎ የሚደፋ ነገር አልነበረም። የእህሉ እጣቢ ለከብት ይሰጣል፤ እጅ የታጠበበት ጌሾ ወይም ጎመን ሥር ይፈስሳል። ይህን ያስተማረ ባለሙያ የለም፤ ውኃውን በእንስራ ተሸክመው የሚያመጡት እናቶች ራሳቸው የዘየዱት ነው።

የልብስ እጣቢማ የምርምር መነሻ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት የተደረገው የእንዶድ ምርምር የተነሳው ከዚያ ነው። (ያው እጣቢ ዓሣም ይገድላልና ወደ ወንዝ መልቀቁን አላወድስም።)

በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች ወደ ገጠር ቤት ገቡ። አንደኛው የቤተሰብ ውኃ ማሰባሰብ ዘመቻ ሲሆን በአማራና በትግራይ ክልሎች በርካታ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ነው፤ ከፓኬጆቹ አንዱ የፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ነበር። እኛ የግብርናዎቹ «ኩሬ ቆፍሩ» ስንል፣ የጤና ባለሙያዋ «ፍሳሹን ጉድጓድ ውስጥ ድፉ» ትላለች። ሁለታችንም ልክ ነን፤ በመካከላችን ግን እጣቢው ባለቤት አጣ። ከኩሬዎቹም ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀዶ ወይም ውኃው ሰርጎ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ።

እንደኛው ተራራ በበዛባት ሌሶቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክብ የድንጋይ መደብ እየተሠራ አትክልት ይተከልበት ጀመር። መሃሉ ላይ የእንጨት ቅርጫት ይቆማል፤ በብስባሽ ይሞላና እጣቢው በዚያ ይደፋል። ከላይ ሲያዩት የቁልፍ ቀዳዳ ስለሚመስል ስሙም ይኸው ነው። ወደ አገራችንም ገብቷል።

በቀን ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚቀዳ ቤተሰብ ግማሹን መልሶ ቢጠቀምበት በወር 900 ሊትር ይሆናል። ለጓሮ ተብሎ ከምንጭ የሚቀዳ 45 ጀሪካን ሸክም ይቀራል ማለት ነው።

መጀመር ለሚፈልግ አባል፦ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበትና በረኪና ያለበት ውኃ ወደ ጉድጓድ ይሂድ። ሌላው ሳያድር፣ ቅጠል ሳይነካ፣ ሥሩ ላይ ይፍሰስ። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት አይሁን። ጉድጓዱ የት ቢቆፈር እንደሚሻል የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያነጋግሩ።