ርዕደ መሬትን በኅብረት የመመዝገብ ታሪክና የትምህርት ቤቶች ድርሻ

ርዕደ መሬት በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሊጠና የማይችል ክስተት በመሆኑ፣ የጥናቱ ታሪክ በአብዛኛው ተራርቀው የሚኖሩ ታዛቢዎች በአንድ ሰዓትና በአንድ የአመዘጋገብ ሥርዓት ለመሥራት እንዴት እንደተስማሙ የሚተርክ ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ከመነሻው ሁለት ዋና ዋና ሞገዶች ይወጣሉ፤ አንዱ ፈጥኖ የሚደርስ ቀዳሚ ሞገድ፣ ሌላው ዘግይቶ የሚከተል ሁለተኛ ሞገድ ሲሆን፣ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው ጊዜ በሰከንድ ተቆጥሮ በ8 ሲባዛ ከመነሻው ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር በግምት ይታወቃል። ለምሳሌ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣ ንዝረት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ አበባ ሲመዘገብ፣ በሁለቱ ሞገዶች መካከል 16 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ርቀትን እንጂ አቅጣጫን ስለማይናገር፣ መነሻውን ለይቶ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጣቢያዎች በካርታ ላይ የየራሳቸውን ክብ አስምረው ክቦቹ የሚገናኙበትን ነጥብ መፈለግ አለባቸው።

ይህን የመተባበር ግዴታ ቀድመው ከተረዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1876 ወደ ጃፓን ሄዶ በቶኪዮ የምህንድስና ኮሌጅ ያስተማረው እንግሊዛዊው ጆን ሚልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 ዮኮሃማ ከተናወጠች በኋላ የጃፓን የርዕደ መሬት ማኅበር እንዲመሠረት ያደረገው ይህ መምህር፣ በቶኪዮ ዙሪያ ላሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፖስታ ካርድ እያደለ የተሰማውን ንዝረት በየሳምንቱ ጽፈው እንዲልኩለት ይጠይቅ ነበር። በዚህም ስለ ርዕደ መሬት ምንም ያልተማረ ሰው እንኳ፣ ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት ከተነገረው፣ ለሳይንስ የሚጠቅም ምስክር ሊሆን እንደሚችል ታየ።

ሥራው ወደ ትምህርት ቤቶች የገባው ግን በተለይ በኢየሱሳውያን፣ ማለትም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኢየሱስ ማኅበር አባላት፣ አማካይነት ነው። በክሊቭላንድ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ኮሌጅ መምህር የነበሩት አባ ፍሬድሪክ ኦደንባክ እ.ኤ.አ. በ1909 በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ ከ12 የሚበልጡ የማኅበሩ ኮሌጆች ጀርመናዊው ኤሚል ቪሸርት የሠራውን አንድ ዓይነት የርዕደ መሬት መመዝገቢያ (ሲስሞግራፍ) ተክለው ንባባቸውን ወደ አንድ ማዕከል እንዲልኩ አስማሙ። ቅንጅቱ ብዙም ሳይቆይ ላላ፤ መሣሪያው በየኮሌጁ ተተክሎ ሳለ ንባቡን በየጊዜው የሚሰበስብና የሚያመሳክር ማዕከል ካልበረታ ኅብረት አይጸናምና። እ.ኤ.አ. በ1925 ሌላው ኢየሱሳዊ አባ ጄምስ ማክልዌን በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል አቁመው የኢየሱሳውያን የርዕደ መሬት ማኅበርን ሲያደራጁ ያስተካከሉት በዋናነት ይህንኑ ነው።

ይኸው ልማድ ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን፣ ብዙ አገሮች ስለ ምድር ባሕርይ በአንድነት ባጠኑበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) በኮሌጁ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ማዕከል አቋቋሙ። ማዕከሉ በመጀመሪያ የታሰበው አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የምድርን መግነጢስ ለመለካት ቢሆንም፣ አገሪቱ ራሷ ሌላ ሥራ ሰጠችው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ ለወራት የዘለቀ ተከታታይ ንዝረት ተነሥቶ፣ ከሁሉም የበረታው ግንቦት 24 ቀን ደረሰ፤ የማጀቴ ከተማም ፈረሰች። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ወድማ የሰው ሕይወት ጠፋ።

አባ ጉዌን ግን በመሣሪያ ንባብ ብቻ አልረኩም። ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና የዓይን ምስክሮችን ቃል እያመሳከሩ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከስምጥ ሸለቆ ተነሥቶ አዲስ አበባን ያናወጠውን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1974 የደረሱትን ንዝረቶች የያዘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። ስለ ኢትዮጵያ ርዕደ መሬት የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚነሣው ከዚህ መጽሐፍ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ለአንድ አገር ይህን ያህል መዋሉ ሊዘነጋ አይገባም።

በቅርቡ ደግሞ ኔፓል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከጨረሰው ርዕደ መሬት በኋላ፣ በ22 ትምህርት ቤቶች ዋጋቸው አነስተኛ የሆኑ መመዝገቢያዎችን ተክላ ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን ንዝረት ራሳቸው እንዲከታተሉ አድርጋለች።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ንዝረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ካፈናቀለ በኋላ፣ ከአዳማ እስከ አዋሽ፣ ከደብረ ሲናም እስከ ኮምቦልቻ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ሥራ ቢያቅዱ ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ብዙ አለ። አስቀድሞ የሚያስፈልገው አንድ ቅጽ ነው፤ ንዝረቱ የተሰማው ሰው ቆሞ ወይም ተኝቶ እንደነበር፣ ቤቱ የጭቃ ወይም የብሎኬት መሆኑን፣ ምን እንደወደቀና ምን እንደተሰነጠቀ ከተጻፈ፣ ንዝረቱ በሰውና በቤት ላይ ያደረሰውን በ12 ደረጃዎች በሚለየው በመርካሊ መለኪያ ሊመዘን ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ነገር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይሻል፤ በኢትዮጵያ ሌሊት 7 ሰዓት የተባለው በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ያለፈው ቀን 22 ሰዓት ስለሆነ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያልተገለጸ መረጃ አንድን ንዝረት ሁለት ሊያስመስለው ይችላል። ንባቡን የሚሰበስበውም ማዕከል መምህራን ቢቀያየሩ የማይፈርስ፣ ቢቻል ከዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጊዜ የማይሰጥ ሥራ አለ። የ1953ቱን ንዝረት በጉልምስና ያዩ የካራቆሬና የማጀቴ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች መሣሪያ እስኪገዛላቸው ሳይጠብቁ፣ በዚህ ዓመት ተማሪዎቻቸውን ደብተርና መቅጃ አስይዘው ወደ እነዚህ አረጋውያን ይላኩ።