ሣቁ በማን ላይ ነበር?



ሰው በማዕዱ ዙሪያ ስለ ጎረቤቱ ዘር፥ ሃይማኖትና መልክ የሚናገረውን ሁሉ በአደባባይ አይደግመውም። የቤት አንደበት ሌላ፥ የሸንጎ አንደበት ሌላ ነው። እንግዲህ አንድ ደራሲ ተነሥቶ ይህን የጓዳ ንግግር እንዳለ አውጥቶ በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ ቢያሰማና ሕዝቡም ቢሥቅ፥ ሣቁ ጥላቻን ያስታግሣል ወይስ ያለማምዳል? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር በአንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ምክንያት ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበርና፥ ታሪኩን ባጭሩ እናወሳላችኋለን።

የጨዋታው ሥር በእንግሊዝ አገር ነው። በ1966 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ጆኒ ስፔይት የደረሰው «ሞት እስኪለየን ድረስ» የተባለ ተከታታይ ጨዋታ በቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በውስጡም አልፍ ጋርኔት የሚባል የለንደን ሠራተኛ፥ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሁሉ ሲረግምና ከልጁ ባል ጋር ሲነታረክ ይታያል። የዚህን ጨዋታ ወሬ የሰማው አሜሪካዊው ደራሲና አዘጋጅ ኖርማን ሊር፥ ከገዛ አባቱ ጋር ሲሟገት የኖረውን ሙግት አስታወሰ። በዚሁ ተነሥቶ የራሱን ጨዋታ አሰናዳ፤ ለኤ.ቢ.ሲ. ኩባንያም በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ለናሙና አዘጋጅቶ ቢያቀርብ፥ ኩባንያው ሁለቱንም ጊዜ ሳይቀበለው ቀረ። በመጨረሻ የተቀበለው ሲ.ቢ.ኤስ. ነው፤ የዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ዉድ ከተሜውንና ወጣቱን ተመልካች ለመሳብ ይሻ ነበርና።

«ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለው ይህ ጨዋታ ጃንዋሪ 12 ቀን 1971 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኩባንያው ከመጀመሩ በፊት፥ የጨዋታው ዓላማ የሰውን ድካምና ጭፍን ጥላቻ በሣቅ መግለጥ መሆኑን የሚያስረዳ ማስታወቂያ አስቀደመ። የተቈጣ ሕዝብ ስልክ ይደውላል ብሎም ተጨማሪ የስልክ ሠራተኞች መደበ። የተፈራው ጐርፍ ግን አልመጣም።

ቤቱ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ኲዊንስ በሚባለው ክፍል ነው። አባወራው አርቺ በንከር የዕቃ መጫኛ ሠራተኞች አለቃ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። ጥቁሩን፥ አይሁዳዊውን፥ ካቶሊኩን፥ ሴቱንም ሳይቀር ያለ ርኅራኄ ይነቅፋል። ሚስቱ ኢዲት የዋህ ናት፤ ነገር ግን ከቤተ ሰቡ ሁሉ የጠለቀ ማስተዋል ያላት እርስዋ ናት። ልጃቸው ግሎሪያና ባልዋ ማይክል በዚያው ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። ማይክል ትውልዱ ከፖሎኛ የሆነ ተማሪ ነው፤ ስለ እኩልነት እየሰበከ የአማቱን እንጀራ ይበላል። ደራሲዎቹ እርሱንም ከሣቅ አላስመለጡትም።

የቬትናም ጦርነት፥ የሴቶች መብት፥ የጥቁሮች ጥያቄ በዚያ ሳሎን ተራ በተራ ገቡ። ጨዋታው የሚቀዳው በተመልካች ጉባኤ ፊት ስለ ነበር፥ ሣቁም የሕዝብ ሣቅ ነበር። በፌብሩዋሪ 1972 ዓ.ም. በታየው አንድ ክፍል፥ ስመ ጥሩው ጥቁር ዘፋኝ ሳሚ ዴቪስ በታክሲ የረሳውን ቦርሳ ሊወስድ ወደ አርቺ ቤት ይመጣል። አርቺም እያከበረው መስሎት በየቃሉ ያዋርደዋል። በመጨረሻ አብረው ፎቶግራፍ ሲነሡ እንግዳው አርቺን ድንገት ጉንጩን ሳመው። ያን ጊዜ አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። እንግዳው ስድቡን በስድብ ሳይመልስ አርቺን ድል ነሣው።

ይሁን እንጂ ተቃውሞ አልቀረም። ስለ ጸረ አይሁድ ጥላቻ ታዋቂ ልብ ወለድ የጻፈችው ሎራ ሆብሰን በ1971 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፥ ጨዋታው ጥላቻን አጥቦ ተወዳጅ ያደርገዋል ስትል ወቀሰች። ሊርም በዚያው ጋዜጣ መልስ ሰጠ። በሌላ ወገን ደግሞ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚያው ዓመት በጽሕፈት ቤታቸው ስለ ጨዋታው በምሬት ሲናገሩ ድምፃቸው በቴፕ ተቀርጾ ቀርቷል፤ ጭንቀታቸው ደግ ሰው ተሰድቦበት ነውር ተመስግኖበታል የሚል ነበር። አንዱ ለአርቺ አዳላ ብሎ ከሰሰው፤ ሌላው በአርቺ ላይ ተሳለቀ ብሎ ከሰሰው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ቅኔ ሰምና ወርቅ እንዳለው ታውቃላችሁ። በዚህ ጨዋታ ሰሙ የአርቺ ስድብ፥ ወርቁ የአርቺ መሸነፍ ነበር። ወርቁን የማውጣት ሥራ ግን የሰሚው ነው። በ1974 ዓ.ም. ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ሁለት ምሁራን ከአሜሪካና ከካናዳ ተመልካቾችን ጠይቀው ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ጭፍን ጥላቻ የበዛባቸው ተመልካቾች አርቺን ማድነቅ ያዘወትሩ ነበር፤ ረቺው እርሱ ነው ማለትም ይቀናቸው ነበር። በአንድ ቀልድ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሥቀዋል፤ አንዱ በአርቺ ላይ፥ ሌላው ከአርቺ ጋር።

ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ስቦት ተመለከተው? ጨዋታው ለ5 ተከታታይ ዓመታት በአሜሪካ በተመልካች ብዛት አንደኛ ነበር። ምክንያቱ፥ እንደምናስበው፥ አርቺ አውሬ ሳይሆን ዘመድ መሆኑ ነው። ካሮል ኦኮነር የተባለው ተዋናይ ሚስቱን የሚወድ፥ ሥራውን የሚፈራ፥ ዓለም ጥላው ስትሄድ የሚደነግጥ ሰው አድርጎ አሳየው። አውሬን ሰው ይሸሻል፤ የአጎቱን ድምፅ የሰማ ግን ቆሞ ያዳምጣል። በ1978 ዓ.ም. የአርቺና የኢዲት ወንበሮች በዋሽንግተን ወደሚገኘው የስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ገቡ። ጨዋታው በ1979 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ሊርም በ2023 ዓ.ም. በ101 ዓመቱ ዐረፈ።

ሣቅ ብቻውን ጥላቻን እንደማይፈውስ ከዚህ ታሪክ ተረዳን። በጓዳ ተደብቆ የቆየ ጥላቻም ከቶ ሙግት አይገጥመውም፤ ያልተሟገቱት ነገር ደግሞ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ጨዋታው ያን ነገር ከጓዳ አውጥቶ መልስ የሚሰጥ ሰው በፊቱ አቆመበት፤ ትልቁ ዋጋው ይህ ይመስለናል። ከዚያ በላይ ያለው የተመልካቹ ፋንታ ነው። እንግዲህ እናንተም በማዕዳችሁ ዙሪያ በሰው ዘር ወይም በሰው መልክ ቀልድ ተነግሮ ቤቱ ሲሥቅ፥ ሣቁ በማን ላይ እንደ ሆነ ልጆቻችሁ እየሰሙ ጠይቁ።