የቪዲዮ ጌም ኮንሶሎች የኤሌክትሪክ ፍጆታና የቁጠባ መንገዶች

በኢትዮጵያ ከተሞች ፕሌይስቴሽንና መሰል የቪዲዮ ጌም ኮንሶሎች ከመኖሪያ ቤት ባሻገር በየሰፈሩ በተከፈቱ የጌም ቤቶች አገልግሎት ይሰጣሉ። በጌም ቤት ደንበኛው የሚከፍለው በጨዋታ ሲሆን፣ ቆጣሪው ግን ኮንሶሉ እስካልጠፋ ድረስ ጨዋታ ባይኖርም ይቆጥራል። በመሆኑም እንደ በዴሳ ባሉ የወላይታ ዞን ከተሞች በዚህ ሥራ ለተሰማሩ ወይም ለመሰማራት ላሰቡ ወጣቶች የኮንሶል ምርጫና አያያዝ ከገቢያቸው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

የፍጆታ መጠን

ፍጆታው በዋናነት የሚወሰነው በሞዴሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 በጨዋታ ወቅት 180 ዋት ገደማ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ስሊም ሞዴል አነስተኛ ኃይል የሚፈልጉ ቺፖች ስለተገጠሙለት ያንኑ ጨዋታ በግማሽ ያህል ኃይል ያጫውታል። በፕሌይስቴሽን 4 የመጀመሪያ ሞዴልና እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስሊም መካከልም ሰፊ ልዩነት አለ።

ለአብነት ሦስት ኮንሶሎች በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩና እያንዳንዳቸው የ90 ዋት ቅናሽ ቢያሳዩ፣ በ30 ቀን 81 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጠባል። ይህም ከመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያ እርከን፣ ማለትም በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል።

ያለ ጨዋታ የሚባክን ኃይል

ጨዋታ ለጊዜው ሲቆም (ፖዝ ሲደረግ) የኮንሶሉ ፍጆታ እምብዛም አይቀንስም። ደንበኛ እስኪመጣ ተከፍቶ የሚቆይ ኮንሶል ገቢ ሳያስገኝ ወጪ ያስከትላል። አምራቾች ይህንን ለመቀነስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኅብረት እውቅና በሰጠው ስምምነት መሠረት፣ ኮንሶሉ ለ1 ሰዓት ያህል ሳይነካ ሲቆይ ራሱን የሚያጠፋበትን ሥርዓት ያካትታሉ። በኤክስቦክስ ሲሪስ ሞዴሎች ደግሞ «ስሊፕ» የተባለው የዕረፍት ሁኔታ ከ10 እስከ 15 ዋት ሲወስድ፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ 0.5 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል።

ተጠቃሚዎች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች

• ያገለገለ ኮንሶል ሲገዛ የሞዴሉን ዓይነት መለየትና ከዋጋው ጋር የወር ፍጆታውን ማስላት፤ በዋጋ ርካሽ የሆነው የቀድሞ ሞዴል በቆጣሪ ሲታይ ውድ ሊሆን ይችላል።

• በኮንሶሉ «ሴቲንግ» ውስጥ ኮንሶሉ ራሱን የሚያጠፋበትን ጊዜ ማሳጠር።

• በሥራ መዝጊያ ሰዓት ኮንሶሉን በሥርዓቱ ካጠፉ በኋላ ከሶኬት መንቀል። በሥራ ላይ እያለ መንቀል የተቀመጠ መረጃን ሊያበላሽ ይችላል።

• ስታብላይዘርን አብሮ ማጥፋት፤ ኮንሶሉ ቢጠፋም ስታብላይዘሩ ኃይል መውሰዱን ይቀጥላልና።

• ፊልም ለማየት ኮንሶል አለመጠቀም። ቴሌቪዥኑ በራሱ ፍላሽ ማንበብ ከቻለ ተጨማሪ ኃይል አያስፈልግም።

• የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ክፍተቶችን ከአቧራ ማጽዳት፤ ይህ ከቁጠባው ይልቅ የኮንሶሉን ዕድሜ ለማራዘም ይጠቅማል።

የቁጠባው ፋይዳ

በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ማመንጫ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና የመነጨው ኃይል ለየቤቱ የሚደርሰው በአካባቢው ትራንስፎርመርና መስመር አቅም ልክ ነው። ምጣድ፣ ምድጃና ቴሌቪዥን በአንድነት በሚሠሩባቸው የምሽት ሰዓታት በከንቱ የተከፈተን ኮንሶል ማጥፋት የባለቤቱን ወጪ ከመቀነሱም በላይ በጋራ መስመሩ ላይ ያለውን ጫና ያቃልላል።

ቆጣሪን፣ ታሪፍንና የኃይል መቆራረጥን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን በአቅራቢያ ለሚገኝ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ወይም በስልክ ቁጥር 905 ማቅረብ ይቻላል።