ማርሹ ሲፋጭ ጥፋተኛው ማን ነው?

ውድ እህቶች፣ ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ስለ ማህበራችን አሮጌ ትራክተር የተነጋገርነውን ታስታውሳላችሁ። የእርሻ ወቅት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማርሹ አልገባ አለ፤ በግድ ሲገባም እየተፋጨ ይጮህ ጀመር። ያየው መካኒክ «ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ» አለን። የጠየቀው ዋጋ የቁጠባችንን ግማሽ የሚወስድ ነበር። «አንድ ሳምንት ብቻ ታገሡኝ» ብዬ የለመንኳችሁ ለምን እንደሆነ ዛሬ ላስረዳ። ምክንያቱ ከታሪክ የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዝ በጦርነት ላይ ነበረች። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑ መርከቦችን ያሰጥሙ ነበር፤ ወንዱም የእርሻ ፈረሱም ጦር ሜዳ ሄዷል። በዚያው ዓመት የሴቶች የእርሻ ሠራዊት ተቋቋመ፤ ፎርድሰን የተባለው የሄንሪ ፎርድ ትራክተርም ከአሜሪካ በሺዎች ታዘዘ። ከሠራዊቱ ሴቶች መካከል ትራክተር መንዳት የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ስለ ፍሪሲዮን የምንጨነቅ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች እኛ አይደለንም።

ፎርድሰን ሁለት ነገር አወረሰን። የመጀመሪያው አሠራሩ ነው። እንደ መኪና ሻሲ የለውም፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የኋላው ክፍል በብሎን ተያይዘው ራሳቸው የትራክተሩ አካል ሆኑ። ይህ ዋጋውን አረከሰው፤ ነገር ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለውን ፍሪሲዮን ለመንካት ትራክተሩን ከወገቡ ለሁለት መለየት ግድ ሆነ። የእኛም ትራክተር በዚሁ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ነው ጥገናው የሚወደደው።

ሁለተኛው ትምህርት ነው። የፎርድሰን ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የሚዞሩ ብዙ ሳህኖች ነበሩት። በብርድ ጠዋት ዘይቱ ሲወፍር ሳህኖቹ አንላቀቅ ይላሉ። ፔዳሉ ቢረገጥም ካምቢዮው መዞሩን አያቆምም፣ ማርሹም ይፋጫል። ገበሬዎች አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንስተው ሞተሩን ያስነሱ የነበረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ካምቢዮው ጤነኛ ነበር፤ አልለቅ ያለው ፍሪሲዮኑ ነው።

አየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በእንግሊዝ ባስመረተው ትንሽ ትራክተር ላይ ፍሪሲዮኑ ባለ አንድ ሸራና ደረቅ ነበር። ሆኖም ፔዳሉ ሲረገጥ ከጎማው ጋር የኋላ መሣሪያ የሚያዞረው ዘንግና ሃይድሮሊኩም ይቆሙ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ ድርብ ፍሪሲዮን ተገጠመ፤ ፔዳሉ እስከ አጋማሽ ሲወርድ ጎማው ይቆማል፣ እስከ ታች ሲወርድ ዘንጉም ይቆማል። የእኛው ማሴ ፈርጉሰን 135 ድርብ ፍሪሲዮን አለው። እንዲህ ያለ ፔዳል ትንሽ ከተዛባ ሥራው ሁሉ ይዛባል።

አባቴ በአርሲ ኦፕሬተር ነበር። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ከተጀመረ በኋላ ትራክተር በአካባቢው በዛ። ለባለመሬቱ ትርፍ ሆነ፤ ብዙ ጭሰኛ ግን ከሚያርሰው መሬት ተነቀለ። የየካቲት 1967ቱ አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ የሌላ ሰው ነበር፣ ዕውቀቱም እንዲሁ። አባቴ ያን አይቶ ነው «ካምቢዮን ከመክሰስሽ በፊት ፔዳሉን ጠይቂ» እያለ ያስተማረኝ።

ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ፤ ጥርስ ለጥርስ ከገጠመ ትራክተሩን ትንሽ ገፋ አድርጉት። ሞተሩ ጠፍቶ በሰላም እየገቡ፣ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ግን ከተፋጩ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። በተቃራኒው ሞተሩ እየጮኸ ማረሻው ከዘገየ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ፔዳሉ ነፃ ክፍተት አጥቷል፣ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

የእኛው በመጀመሪያው ፈተና ተለየ። ሞተሩን አጥፍተን፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፈን ከሥር ስናይ ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ማንሻ የሚያያይዘው ፒን ተበልቶ አገኘነው። የእግራችን ጉልበት ግማሹ እዚያ ይጠፋ ነበር። ፒኑን አስቀርጸን፣ ነፃ ክፍተቱን አስተካከልን፤ ማርሹም ያለ ድምፅ ገባ።

ሸራው አንድ ቀን ማለቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትራክተሩ ይከፈላል፣ ገንዘቡም ይወጣል። እስከዚያ እየነዳችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ። ቁጠባችን ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ማሳውም ታርሷል።