«ሰላም»ን ገልብጦ መቅረጽ



በዚህ የ10ኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ማኅበራችን ስላለፈበት መንገድ የሚያወሱ ጽሑፎች በሌሎች ገጾች ቀርበዋል። እኛ ደግሞ ስለ አንዲት ትንሽ የኅትመት ሥራና ከበስተኋላዋ ስላለው ረጅም ታሪክ ልናወጋችሁ ፈለግን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጆቻችን አንዷ በምትማርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስዕል መምህሯ ለተማሪዎቹ ሊኖሊየም አድለው፣ እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ቋንቋ አንድ ቃል ቀርጾ እንዲያትም አዘዙ። ልጅቱ «ሰላም» ብላ ቀረጸች። ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ሲነሣ ግን ፊደሉ ዞሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ «ምላሰ» ሆኖ ወጣ። በክፍሉ ውስጥ ስሕተቱን ያወቀ አልነበረም። ያወቅነው እኛ ነን፤ «ምላስ ብላ ጻፈች» እያልን ሳቅን። ልጅቱ አልሳቀችም። ወረቀቱን አጣጥፋ፣ «ሁለተኛ በአማርኛ አልጽፍም» አለች።

ያን ጊዜ ሳቃችን አሳፈረን። ልጅቱ ያጠፋችው ፊደል ሳይሆን ያልተነገራት የኅትመት ሕግ ነበር፤ በማተሚያው ላይ ቀጥ ብሎ የተቀረጸ በወረቀቱ ላይ ዞሮ ይወጣል፤ ዞሮ የተቀረጸው ደግሞ ቀጥ ይላል። የአገራችን ማኅተም ቀራጮች ይህን ጥንት ያውቁት ነበር። ማተም የሚለው ቃላችንም ከማኅተም ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ስንጠያይቅና ስናነብ፣ ሊኖሊየም ቀርጾ ማተምን ለሕፃናት ካስተማሩት ቀደምት መምህራን አንዱ በዚህች በምንኖርባት በቪየና ከተማ ያስተማረ መሆኑን ተረዳን። ፍራንዝ ቺዤክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1897 ለልጆች የስዕል ክፍል ከፈተ። በዚያ ዘመን የስዕል ትምህርት በአብዛኛው የተሰጠን ነገር አስመስሎ መሣል ነበር። ቺዤክ ግን ልጆች ከራሳቸው አሳብ ያፈለቁትን እንዲሠሩ አደረገ። የተማሪዎቹ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1920 በለንደን ለሕዝብ ታይቶ ስሙ በብዙ አገር ተሰማ።

ሊኖሊየም ራሱ ለስዕል የተሠራ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬዴሪክ ዋልተን በ1860ዎቹ ለወለል ምንጣፍ ያወጣው ሲሆን፣ የሚሠራው ከተልባ ዘይትና ከቡሽ ዱቄት ነው። ተልባ ለእኛ ባዳ አይደለም! እንደ እንጨት ጭረት ስለሌለውና ለስላሳ ስለሆነ በሕፃን እጅ ይቀረጻል። ለትንንሾቹ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ድንች ይበቃል።

የእኛ ፊደል ወደ ማተሚያ የገባውም በስደት አገር ነው። የኮሎኙ ቄስ ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በዚያው በሮም አሳተመ። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። አታሚዎቹ ፊደላችንን አያነቡም፤ መነኮሳቱም ማተም አያውቁም ነበር። ስለዚህ አንዱ ለሌላው እየረዳ ሠሩ፤ ለስሕተቱም አንባቢን ይቅርታ ጠየቁ።

በአገራችንም ትምህርቱ ቆይቶ ተስፋፋ። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እንጨት ቀርጾ ማተምን አስተምሯል።

የሮሙን ታሪክ ስናነብ ራሳችንን አየን። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ማተም ይማራሉ፤ ፊደሉን ግን በደንብ አያውቁም። እኛ ፊደሉን እናውቃለን፤ ማተም አናውቅም። አባ ተስፋ ጽዮንና አታሚዎቻቸው ተረዳዱ፤ እኛ ግን በልጃችን ሳቅን።

ስለዚህ ልጅቱን ይቅርታ ጠይቀን አብረን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እኛ «ሰላም»ን በስስ ወረቀት ጻፍንላት። እርስዋም ጽሑፉን ወደ ታች ደፍታ፣ ከሥሩ ካርቦን አድርጋ፣ በጀርባው የሚታየውን መስመር በእርሳስ ተከተለች። ፊደሉ ዞሮ ሊኖሊየሙ ላይ ዐረፈ። ያዢውን እጅ ከስለቱ ኋላ ማድረግ እንደሚገባ ለእኛ ያስተማረችን እርስዋ ናት። ቀርጻ፣ ቀለሙን በስሱ ቀብታ፣ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ አሸችው። ሲነሣ «ሰላም» ይላል። ከዚያው ቅርጽ አሥራ ሁለት ወረቀት አትማ ለጓደኞቿ ወሰደች።

ወላጆች ሆይ! የአማርኛ ትምህርት በድግግሞሽ ብቻ የሚሰለቸው ልጅ ብዙ ነው። አንድን ፊደል ገልብጦ የቀረጸ ልጅ ግን እግሩ ወዴት እንደሚዞር አይረሳም። በቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችን አንድ ጠረጴዛ ለኅትመት እንዲሰጥ ጠይቀናል። ልጆቻችሁን ስታመጡ አድርሳችሁ አትመለሱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ወረቀት ተገልብጦ ቢወጣም አትሳቁ።

መልካም የ10ኛ ዓመት በዓል ይሁንልን።