ከኮታው ባሻገር፦ የገረሴ ልጃገረዶችና ሳይንስ

የሴት ልጆችና የሳይንስ ነገር ሲነሣ የመንግሥት መልስ ኮታ ነው፡፡ እቴጌ መነን ት/ቤት በ1923 ዓ.ም. የተከፈተው ከዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነውና፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የድጋፍ ርምጃን መደንገጉ ተገቢ ነበር፡፡ የ70/30 ምደባን ዘመን ግን እኔ የማስታውሰው ከቤተ ሙከራ በኩል ነው፤ ተማሪው ሲበዛ መሣሪያው ያው ነበር፡፡

ወደ ገረሴ ደጋ እንውጣ፡፡ እዚያ እንሰት ፍቀው፣ አብላልተው ቆጮ የሚያደርጉት እናቶች ናቸው (ሽመናው የወንድ ነው)፡፡ ማብላላት ደግሞ ባክቴሪያን ማሠራት ነው፡፡ እንሰቱን የሚፈጀውን አጠውልግ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም አሳወቁ፤ ዋነኛ መተላለፊያው የተበከለ ቢላዋ ነው፡፡ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከታመመው ተክል የሚወጣውን ቢጫማ ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ብትመለከት፣ ከዚያም ቢላዋውን በእሳት ብትለበልብ፣ የተማረችው ስለ እናቷ ጓሮ ነው፡፡

የፍኖተ ሰላሟ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙም በዓለማያ በኩል አልፈው የተክል በሽታ ተመራማሪ ሆኑ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የሎሬአል-ዩኔስኮን ሽልማት ተቀበሉ፡፡

አንድ ማይክሮስኮፕ ከአርባ ምንጭ ገረሴ ለማድረስ በበጋ የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል፡፡